የመንግስት ትምህርት ቤት ሪቪው፦ ምዝገባ ነፃ ነው፣ መዋጮውን ግን ይዛችሁ ኑ

ሰው ሁሉ የበርገር ቤትና የፀጉር ቤት ሪቪው ይፅፋል፣ እኔ ደግሞ የልጄን ትምህርት ቤት ልፃፍ ብዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ አንደኛ ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሁለተኛ ልጄ ዘንድሮ ገና 6ኛ ክፍል ነው፣ እዛው ግቢ ውስጥ 7 እና 8 ይቀረዋል ሃሃ።

ከግል ያወጣሁት 2016 ክረምት ላይ ነው። ወርሃዊው 3,200 ብር ደርሶ ነበር፣ በዛ ላይ የምዝገባ፣ የመፅሐፍ፣ የሰርቪስ፣ የ"ኮምፒውተር ላብ" ምናምን፣ ባለቤቴ በስልኩ ሲደምር ሲደምር ቆይቶ ምንም ሳይናገር ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ በቃ ያኔ ገባኝ። በነጋታው ሰፈራችን ያለው የመንግስት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ጥሩ ጥሩውን አስቀድሜ ልበል፣ አለበለዚያ ግፍ ነው። ምገባው አንደኛ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ በመንግስት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር በነፃ እንደሚሰጥ ሰምቻለሁ ግን ራሴ እስካይ ድረስ የቲቪ ወሬ ነበር የሚመስለኝ። ቤት ውስጥ ምስር ወጥ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ እዛ ሰሃኑን ጠርጎ ይበላል፣ ምን አርገሽበት ነው ብዬ አንዷን መጋቢ እናት ብጠይቃት "እኔ ምንም፣ ጓደኞቹ ናቸው፣ ቀድመው እንዳይጨርሱበት ነው" አለችኝ። የሂሳብ አስተማሪዋም የግል ትምህርት ቤት ከነበረችው በብዙ ትበልጣለች፣ 58 ልጅ ይዛ የማንን ደብተር እንዳላረመች በስም ታውቃለች። መፅሐፍ ላይ ግን አትጠይቁኝ፣ ለሁለት አንድ ከደረሰ እድለኛ ናችሁ፣ የቀረውን በቴሌግራም ፒዲኤፍ አውርዳችሁ ታስነብባላችሁ ወይ ፎቶ ኮፒ ታስደርጋላችሁ።

አሁን ወደ መዋጮው። የምዝገባ ቀን በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ምዝገባ ከክፍያ ነፃ ነው ይላል፣ ማህተም ሁሉ አለው። ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ካርድና የልደት ሰርተፍኬት ተቀበሉኝ፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሴትዮ ደረሰኝ መሳይ ነገር ከፍታ "300 ብር" አለችኝ።

"የምን?"

"የልማት መዋጮ። በፈቃደኝነት ነው የኔ እናት።"

"በፈቃደኝነት ከሆነ 100 ብከፍልስ?"

"አይ በፈቃደኝነት 300 ነው።"

"ባልከፍልስ?"

"እሱን ከኮሚቴው ጋር ትነጋገሪያለሽ፣ ኮሚቴው ሐሙስ ነው የሚገባው። ምዝገባ ደግሞ ረቡዕ ያበቃል።"

ከፈልኩ። ከግል ትምህርት ቤቱ ጋር ሲነፃፀር 300 ብር ምንም አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ብሩ ራሱ አላንገበገበኝም። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ግን ሦስት ልጅ ይዛ ነው የመጣችው፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረውን ብር ስትፈታ አይቻለሁ፣ ለሷ 900 ነው።

ሁለተኛው ዙር ጥር ላይ መጣ። የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት) ስብሰባ እሁድ ጠዋት ተጠራ፣ አጀንዳው የተሰባበሩ ዴስኮች ጥገና፣ በልጅ 500 ብር። ሰብሳቢው ጋሼ ደጋግመው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ሲሉ ቆይተው ቁጭ ሲሉ ያቺ የሦስት ልጆች እናት ተነሳችና (ለካ ጉልት ነው የምትሸጠው) "ጋሼ እኔ ሎሚ ነው የምሸጠው፣ ሦስት ሎሚ ካላችሁኝ አሁኑኑ አመጣለሁ" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰብሳቢው ራሳቸው ሳቁ፣ ከዛ እጅ ይውጣ ተባለ፣ ሁሉም ጎረቤቱን እያየ እጁን አወጣ፣ በሙሉ ድምፅ ፀደቀ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እኔም አውጥቻለሁ፣ ምን ታረጉታላችሁ፣ ሰው ሁሉ አውጥቶ አንቺ ብቻ እጅሽን አጣጥፈሽ ስትቀመጪ ልጅሽን የምትጠዪ ነው የሚመስለው።

እስከዚህ ድረስ እሺ። አንድ ኮከብ የቀነስኩት በሚቀጥለው ነገር ነው። የካቲት ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ተቀመጠ፣ ምን ሆነህ ነው ስለው "እማ የኔ ስም ተጠራ" አለ። የክፍል ኃላፊው መዝገብ ይዞ ገብቶ ያልከፈላችሁ ቁሙ ብሎ ስም ጠርቷል። እኔ ደግሞ ከፍያለሁ! በቴሌብር ልኬ ስክሪንሾቱን ለኮሚቴው ሰውዬ ልኬላቸዋለሁ፣ ወደ መዝገቡ ያልገለበጡት እነሱ ናቸው። በማግስቱ ስሄድ በጣም ይቅርታ ተባልኩ፣ ተስተካከለ፣ ግን አስራ ምናምን ልጅ ቆሞ እንደነበር ነው የነገረኝ፣ የነዛን ይቅርታ ማን ጠየቀ? የ11 ዓመት ልጅ ምን ገቢ አለው ተብሎ ነው ስሙ የሚጠራው፣ መዋጮው የወላጅ ከሆነ ወላጅ ስልክ አለው፣ ደውሉለት።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። ሰውዬው አልተቆጡም፣ ወንበር ሰጥተው ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ፣ እዚህ ጋ ነው ትንሽ ሐሳቤን የቀየርኩት። የአስተማሪ ደመወዝ መንግስት ይከፍላል፣ ሥራ ማስኬጃ የሚባለው በጀት ግን አይበቃም፣ የፈተና ወረቀት፣ ማርከር፣ የፕሪንተር ቀለም፣ የውሃ ሮቶ ጥገና፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው፣ አንድ ደስጣ ወረቀት ስንት እንደገባ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ስኩል ግራንት የሚባለው ድጎማ 2001 አካባቢ ሲጀመር ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት በነፍስ ወከፍ 50 ብር አካባቢ ነበር፣ ያኔ ራሱ ብዙ አልነበረም። "ልጆቹን በቃል ልፈትናቸው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ደግሞ መዋጮ አዲስ ነገር አይደለም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል መንግስት ይሸፍናል ከዛ በላይ ወጪ መጋራት ይኖራል ነበር የሚለው፣ ግን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ስንቱ ክፍል ነው ህዝብ በእንጨትና በጭቃ የሰራው። አባቴ ጎጃም ውስጥ እኔ የተማርኩበትን ክፍል ሲሰሩ ባህርዛፍ በትከሻው ተሸክሞ ወስዷል፣ ትከሻው ላይ ጠባሳው ነበረው፣ እስኪሞት ድረስ "ያ ክፍል የኔ ነው" ይል ነበር። 2015 ላይ ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ለትውልድ ብሎ ንቅናቄ ሲጀምርም ያው ህዝቡ ትምህርት ቤቶቹን ያግዝ ነው ያለው፣ ከዛ በፊት 2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ሁላችንም ደንግጠናል፣ እና አግዙ መባሉ አይከፋኝም። አባቴ ግን እንጨቱ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር፣ የቱ ምሰሶ የሱ እንደሆነ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። የኔ 500 ብር የት እንደቆመ የሚያሳየኝ የለም።

እህቴ ልጆቿን የምታስተምርበት የመንግስት ትምህርት ቤት አለ፣ እዛ በየወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ገቢና ወጪ ይለጠፋል፣ በእጅ ፅሁፍ ነው፣ ለአናፂ ይህን ያህል፣ ለሚስማር ይህን ያህል፣ ቀሪ ይህን ያህል። መክፈል ያልቻለ ወላጅ ቅዳሜ መጥቶ አጥር ይጠግናል ወይ ግቢ ያፀዳል፣ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚያውቀው ሂሳብ ያዡ ብቻ ነው። ሳይጠየቅ 2,000 ብር የሰጠ ሰው አለ አለችኝ፣ ሰሌዳውን አይቶ ነው። እኛ ጋ ይህን ሐሳብ አቅርቤ ነበር፣ "ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይያዝልን" ተባለ፣ በደንብ ተይዟል እስካሁን አልተለቀቀም።

ለአዲስ ወላጆች የምመክረው፣ ለምዝገባ ስትሄዱ ብር ያዙ ግን ሳትቸኩሉ የምን እንደሆነ፣ ማን እንደወሰነው ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤውን ማየት እፈልጋለሁ በሉ፣ በትህትና ከሆነ ያሳያሉ። ቁጥርና ማህተም የሌለው ደረሰኝ አትቀበሉ። በቴሌብር ከላካችሁ መዝገቡ ላይ ስማችሁ ሲፃፍ ቆማችሁ እዩ፣ ከኔ ተማሩ። አቅም ከሌላችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ ልጃችሁን በዚህ ምክንያት አልመዘግብም ሊሏችሁ አይችሉም፣ ካሏችሁ ወረዳ ትምህርት ፅህፈት ቤት ሂዱ፣ ያቺ ሎሚ ሻጯ ሄዳ ሁለተኛው ዙር ቀርቶላታል።

ምገባ 5 ከ5። አስተማሪ 4፣ አንዷ ብቻዋን ናት ወደ ላይ የጎተተችው። መፅሐፍ 2። የመዋጮ አሰባሰብ 1፣ እሱም ዳይሬክተሩ ወንበር ስለሰጡኝ። በድምሩ 3 ኮከብ፣ ልጄን አላወጣውም።

ዴስኮቹስ ተጠገኑ ወይ ለምትሉኝ፣ ግማሾቹ ተጠግነዋል፣ የልጄ ከነሱ አንዱ ነው። አናፂው ሚስማሩን ጫፉን ሳያጥፈው ትቶት ሄዷል መሰለኝ፣ መንግስት በነፃ የሰጠውን የዩኒፎርም ሱሪ ከጭኑ በታች ሁለቴ ሰፍቼዋለሁ፣ ትናንት ደግሞ ሦስተኛ ተቀዶ መጣ።