አባባን መሪ ላስያዘችው ሲስተር

ይሄን ጽሁፍ ከሁለት ወር በፊት ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ያኔ እንቅልፍ የሚባል አልነበረንም። አሁን ትንሽ መተኛት ስለጀመርን ልጻፈው።

አባቴ 30 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አፉም ተሳሰረ። ከ16 ቀን በኋላ ከሆስፒታል ስንወጣ የሰጡን አንድ ወረቀት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ራሱ ሁለቴ ገልብጦ ነው ያነበበው። "ቤት ወስዳችሁ አስታሙት" ተባልን፣ አለቀ። እንዴት ይታጠባል? ምን ይብላ? የሚነግረን ጠፋ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። የሰፈር ልጆች በወንበር ተሸክመው አወጡት፣ እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ ነርስ ፍለጋ ገባን። አንድ ቦታ የወሩን ሙሉ ክፍያ ቀድመው ተቀብለው "ልምድ ያላት" ያሏትን ላኩልን። ልጅቷ ስታስታምም የምትውለው ስልኳን ነበር። ከሥራ ስመለስ አባባን ጠዋት በተውኩት ጎኑ አገኘዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መቀመጫው ላይ ቁስል አየሁ። ስደውል "እሱ እኮ ያለ ነው" አሉኝ። ያለ ነው! ብራችንንም አልመለሱም። ቀጥሎ ያገኘነው ደግሞ ሦስት ቀን መጥቶ በአራተኛው ስልኩን ዘጋ። ስም አልጠራም። አንጀቴ ግን እስካሁን እንዳረረ ነው።

ሲስተርን የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት፣ እናቷን አስታማላት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳትከፍት አልጋው አጠገብ ቁጭ አለችና "አባባ፣ እንዴት አደሩ?" አለችው። አፉ እስኪፈታ ዝም ብላ ጠበቀችው። እኛ ለካ ስለሱ ስናወራ እሱን ማናገር ትተን ነበር።

ውሃ ሲጠጣ ትን ሲለው አይታ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችውና በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ አጠጣችው። ከበላም በኋላ ቶሎ እንዳናስተኛው ነገረችን። ስናነሳው የታመመውን እጁን እንጎትት ነበር፣ በቁጣ አስቆመችን። በየሁለት ሰዓቱ የምናገላብጥበትን ሰዓት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ምክንያቱን ሁሉ አስረድታኛለች፣ ግማሹ አልገባኝም። ቁስሉ ግን ደረቀ። በጾሙ "ሳይፈታ ኪኒን አልውጥም" ብሎ ሲያስቸግረን የነፍስ አባቱን ያስጠራችውም እሷ ናት።

የማልረሳው ግን የትሪውን ነገር ነው። ሁለት እጁን አንድ ላይ ልታሠራው ብትሞክር አባባ እምቢ ብሎ ፊቱን አዞረ። እንደ ሕፃን የተጫወተችበት መሰለው። እሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች፣ ከሰማያዊና ነጭ ታክሲው ጋር የተነሳውን። ወጥ ቤት ገብታ ክቡን ትሪ ይዛ መጣች። ግራ እጁን ከሥር ደግፋ ትሪውን አስያዘችውና ከጎኑ ወንበር ስባ "ሳሪስ ያድርሱኝ" አለችው።

አባባ አያት። ከዚያ ትሪውን ቀስ አድርጎ አዞረው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። "ኧረ ቀስ፣ ትራፊክ አለ!" ትለዋለች። በመጨረሻ ትሪውን አቆመና በዚያ በተሳሰረ አፉ "ሂሳብ" አላት። ሂሳብ መቀበል እንኳ የረዳቱ ሥራ ነበር! እናቴ ከመቀነቷ ብር ፈታ ከፈለችለት።

አሁን በምርኩዝ እስከ በረንዳ ይሄዳል። በትሪው ደግሞ ደብረ ዘይት ድረስ እየወሰዳት ነው።

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

ዋጋዋ ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ከሆስፒታል የወጣ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ እንደኛ ቁስል እስክታዩ አትጠብቁ። እሷን ጥሩ። ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የኛን ቀን ብቻ እንዳትወስዱብን። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አባባ ተሳፋሪ ይጠብቃል።