ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480፦ 8 ጂቢ ራሙ ለማን ይበቃል?

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚነግራችሁ «ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጂቢ፣ 256» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ፣ ሁለተኛው ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሜሞሪ)፣ ሦስተኛው የዲስኩ መጠን በጂቢ ነው። ሌኖቮ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲንክፓድ ቲ480ም ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ቁጥሮች ነው የሚሸጠው። መጠየቅ ያለበት ግን 8 ጂቢው በአንድ ቁራጭ ነው ወይስ በሁለት የሚለው ነው። ይህን ማሽን ዛሬም ገንዘብ የሚያወጣ ያደረገው ከጀርባ ሽፋኑ ሥር ያሉት ሁለት የራም ስሎቶች (መሰኪያዎች) ናቸው። ሁለቱም ይነቀላሉ፣ ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ፋብሪካው እስከ 32 ጂቢ ይይዛል ይላል።

ይህ ምን ይገርማል ያለ ቲ480ኤስን ይመልከት። ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለየው፤ ቲ480ኤስ ቀጠን ያለና የሚያምር ነው፤ ግን ከፊሉ ራም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ክፍት የሚቀረው አንድ ስሎት ብቻ ነው። ቲ490ም እንደዚያው ነው። ኤክስ280 እና ኤክስ1 ካርበን ደግሞ ጭራሽ ስሎት የላቸውም፤ በ8 ጂቢ የገዛ በ8 ጂቢ ይኖራል። ማክቡክ ኤርም ከዚህ ጎራ ነው፤ አፕል መነሻውን ከ8 ወደ 16 ጂቢ ያሳደገው በ2024 መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሸጡት ብዙዎቹ 8 ናቸው። የዴል ላቲቲውድ 7490 እና የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ግን እንደ ቲ480 ሁለት ስሎት አላቸው። በዋጋ ካሸነፉ እነሱን መውሰድ ይቻላል፤ ከታች የምንለው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

8 ጂቢው የት ይገባል?

የዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጂቢ ነው። በ4 ጂቢ ይነሳል ማለት ነው እንጂ ያሠራል ማለት አይደለም። 8 ጂቢ ያለው ቲ480 ተነስቶ፣ እናንተ ገና ምንም ሳትከፍቱ፣ 3 ጂቢ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተይዞ ታገኙታላችሁ። ከዊንዶውሱ በተጨማሪ ጸረ ቫይረሱ፣ ዋንድራይቭ፣ ማሽኑ ሲበራ ተከትሎ የሚነሳው ቲምስ አሉ። ኢንቴል ዩኤችዲ 620 የተባለው ግራፊክስም የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ራም ነው የሚወስደው። ኤምኤክስ150 ካርድ ያለው የቲ480 ዓይነት 2 ጂቢ ለብቻው አለው፤ እሱ ግን በብዛት አይገኝም።

የቀረውን የሚጠርገው ክሮም ነው። ለደህንነትና አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ሲባል፣ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች ከፋፍሎ ነው የሚያሠራው። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ መቶ ሜጋባይት ላይሞላ ይችላል፤ ጂሜይል፣ ዩቲዩብ ወይም ፌስቡክ ግን እያንዳንዱ ብዙ መቶ ይወስዳል። አሥራ አምስት ታብ የመክፈት ልማድ ያለው ሰው ከ2 እስከ 3 ጂቢ ለክሮም ብቻ ይገብራል። ቴሌግራምና ዙም ሲጨመሩ 8ቱ አለቀ። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ሜሞሪ ሴቨር አለ፤ የማትነኳቸውን ታቦች ከራም ያስወጣላችኋል። አብሩት።

ስለዚህ የሚበቃው ለማን ነው? በፒችትሪ ሒሳብ ለሚሠራ፣ በወርድና በኤክሴል ለሚውል፣ በፓወር ግዕዝ ደብዳቤ ለሚጽፍ 8 ጂቢ በደንብ ይበቃል፤ እንዲህ ላለው ሥራ ራም ጨምሩ የሚል ባለሙያ ገንዘባችሁን እያስወጣችሁ ነው። ፎቶሾፕ ዝቅተኛው 8፣ የሚመከረው 16 ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮም ዝቅተኛው 8 ነው ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስልክ የሚያስመስለውን ኢሙሌተር ስታስነሱ ግን ማሽኑ ይቆማል፣ 16 ግድ ነው። አውቶካድ ቀላል የወለል ፕላን በ8 ይከፍታል፤ የቅርብ ጊዜ ቨርዥኖቹ የሚመክሩት ግን 32 ነው። ሬቪት ከ16 በታች ሊታሰብም አይገባም፤ በዚህ ፕሮሰሰር ደግሞ ራሙን ብትሞሉትም ትልቅ ሞዴል ያንገዳግደዋል።

 

መሙላቱ በምን ይታወቃል?

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 60 ወይም 70 ፐርሰንት አይቶ ይደነግጣል፤ አያስደነግጥም። ዊንዶውስ ትርፍ ቦታ ሲያገኝ በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎችን ያስቀምጥበታል። ካሽድ የሚለው ቁጥር ይኸው ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ቦታውን ሲፈልግ ወዲያው ይለቅለታል። መታየት ያለበት ኮሚትድ የሚለው ነው። በ8 ጂቢ ማሽን ላይ ኮሚትድ 11 ወይም 12 ጂቢ ካለ፣ ፕሮግራሞቹ ካለው በላይ ጠይቀዋል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ዊንዶውስ መጀመሪያ ያሉትን ጨምቆ ቦታ ለማግኘት ይሞክራል። ካልበቃው የማይነኩትን ወደ ዲስክ ያወርዳቸዋል። ዲስኩ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ከሆነ ታብ ስትቀይሩ አንድ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል፤ የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ማውዙ ራሱ ይንቀራፈፋል፣ የዲስኩ መብራት አይጠፋም። ቲ480 በሃርድ ዲስክም ይመጣል። እንደዚያ ያለው ከገጠማችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ራም። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ራም ጨምሮም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሻይ አፍልቶ ይጠብቃል።

«ራም ክሊነር» የሚባሉትን ፕሮግራሞች አትጫኑ። ሥራቸው ራም ላይ ያለውን በግድ ማስወጣት ነው፤ ትንሽ ቆይታችሁ ያንኑ ስትፈልጉት ከዲስክ እንደገና ይጫናል። ቁጥሩ ያምራል፣ ማሽኑ ይዘገያል።

አንድ 8 ወይስ ሁለት 4?

እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ስሎትስ ዩዝድ የሚል መስመር አለ። «1 ኦፍ 2» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ አንዱ ስሎት ባዶ ነው፣ ሌላ 8 ገዝቶ መሰካት ብቻ ነው የሚቀረው። «2 ኦፍ 2» ካለ ሁለት 4 ናቸው፤ 16 ለመድረስ ሁለቱንም ማውጣት አለባችሁ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ይህን መመልከት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለድርድርም ይጠቅማል።

ሁለት ቁራጭ ሲሆን ግን ሌላ ጥቅም አለ። ቲ480 የሚወስደው ዲዲአር4 የተባለውን የራም ዓይነት በ2400 ፍጥነት ነው፤ አንዱ ቁራጭ በሰከንድ እስከ 19.2 ጂቢ ያስተላልፋል፣ ሁለቱ በጥንድ ሲሠሩ 38.4። ግራፊክሱ ከራም ስለሚበደር ልዩነቱ በጌምና በቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወርድና ፒችትሪ አይሰማቸውም። 4 እና 8 ብታቀላቅሉም ይሠራል፤ ከ8ቱ ግማሹ ከ4ቱ ጋር ተጣምሮ ይሄዳል፣ የተረፈው 4 በአንድ መስመር ብቻ።

ሲገዛ

የምትጠይቁት «የላፕቶፕ ዲዲአር4፣ 8 ጂቢ» ብላችሁ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ «ሶዲም፣ 260 ፒን፣ 1.2 ቮልት፣ ኢሲሲ ያልሆነ» ብላችሁ ጻፉለት፤ አለበለዚያ የዴስክቶፑን ረጅሙን ሊገዛ ይችላል። 2666 ወይም 3200 ቢገኝም ግዙት፤ ፍጥነቱን ወደ 2400 አውርዶ ይሠራል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር5 ግን መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ ቦታው ስለማይገጥም አይገቡም። በጉልበት የሚሞክር ስሎቱን ይሰብራል፣ ስሎቱ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር ነው።

ዋጋ አንጽፍም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ግን በዓለም ገበያ ራም ተወዷል፤ አምራቾቹ ለኤአይ ዳታ ሴንተር ወደሚሸጠው ፊታቸውን አዙረዋል። ማይክሮንም ክሩሻል የተባለውን የተራ ደንበኛ ብራንዱን እንደሚዘጋ በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ስለዚህ ከሌላ ላፕቶፕ የወጣ ሳምሰንግ ወይም ኤስኬ ሃይኒክስ አይናቅም። ራም በአገልግሎት ብዛት እንደ ባትሪ የሚያረጅ ዕቃ አይደለም። ወርቃማ ጥርሶቹ ያልተጫሩ፣ ቺፖቹ ጠርዝ ያልተሸረፈባቸው መሆኑን እዩና ውሰዱ።

አገጣጠሙና የሚያስደነግጡ ነገሮች

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩና የሌኖቮ ጽሑፍ ሲመጣ ኤፍ1ን ተጫኑ። ኮንፊግ፣ ፓወር፣ ከዚያ ዲስኤብል ቢልት-ኢን ባትሪ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ የውጪውን በእጅ ታወጡታላችሁ፣ የውስጡ ግን ካልታገደ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ነው ራሙን የምትነቅሉት። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የውጪውን ባትሪ አውጡ፣ ከዚያ በፊሊፕስ ካቻቢቴ ስድስቱን ብሎኖች አላሏቸው። ከሽፋኑ አይወጡም፣ እንዲወጡ አትታገሉ። በአሮጌ የሞባይል ካርድ ወይም በጊታር መምቻ ከባትሪው በኩል ጀምራችሁ ጠርዙን ዙሩ፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው መያዣው ነው።

ራሙን ከመንካታችሁ በፊት የብረት ነገር ነካ አድርጉ። አዲሱን ቁራጭ አዘንብላችሁ ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ ወርቃማው መስመር ከሞላ ጎደል መሸሸግ አለበት። ከዚያ ወደ ታች ስትጫኑት ሁለቱ የጎን መያዣዎች ራሳቸው ይቆልፋሉ።

አሁን ፓወሩን ስትጫኑ ማሽኑ ጸጥ ካለ አልሞተም። የውስጥ ባትሪውን ስላገዳችሁት ቻርጀር ካልተሰካለት አይነሳም። ቻርጀር ተሰክቶም ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ራም እየለካ ነው፣ አንድ ደቂቃ ታገሱት። ጨለማው ከቀጠለ ወይም የጢጥታ ድምፅ ካሰማ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ በደንብ አልገባም ማለት ነው። አውጡት፣ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ አሽታችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ መልሱት። አሁንም እምቢ ካለ አንዱን ብቻ በየስሎቱ እያቀያየራችሁ ሞክሩ፤ ጥፋቱ የቁራጩ ይሁን የስሎቱ በዚህ ይለያል።

ከተነሳ በኋላም ሥራው አላለቀም። ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክን አንድ ጊዜ አስኪዱ፤ ያገለገለ ራም ከሆነ ደግሞ ሜምቴስት86ን በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን ተዉት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ለሻጩ መልሱ። እንዲህ ያለ ራም ለሳምንት ደህና ከርሞ አንድ ቀን በሰማያዊ ስክሪን ያጠፋዋል፣ ወይም ይባስ ብሎ ፋይል አበላሽቶ ያስቀምጣል።

ራሙ 16 ሲሆን የሃይበርኔት ፋይሉም (ማሽኑ ሲጠፋ የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት) አብሮ ያድጋል፤ ወደ 6 ጂቢ ገደማ ከኤስኤስዲው ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሃይበርኔት ስለሚጠቅም አታጥፉት፤ ለ256 ብዙም አይከብድም።

ከራሙ ውጪ ቲ480 ስትገዙ የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። የዩኤስቢ ታይፕ-ሲ ቀዳዳዎቹ በድሮ የተንደርቦልት ፈርምዌር (ቀዳዳውን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ምክንያት ይበላሹ ስለነበር በሁለቱም ቻርጅ ማድረጉን ሞክሩ፤ ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቶለታል፣ መጫኑን አጣሩ። ስክሪኑ 1366 በ768 የሆነው ዓይነት አለ፤ 1920 በ1080 ያለውን ፈልጉ። ፕሮሰሰሩም በ82 ወይም በ83 የሚጀምር እንደ 8250ዩ እና 8350ዩ ያለ ይሁን፤ ቲ480 በ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ተሽጧል፣ እሱን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።