የመድረክ ግጥምና ወግ ለምታስቀርጹ፦ የድምፅ ባለሙያዋ እህታችን እናመሰግንሻለን

የግጥም፣ የወግና የዲስኩር ምሽታችንን ድምፅ የቀረጸችልንን እህታችንን ከልብ እናመሰግናለን። እንዲህ ያለ ዝግጅት የምታሰናዱ ወዳጆች ለማን እንደምትሰጡት እንድታውቁ አሠራሯን ዘርዘር አድርገን እንጻፈው።

ብዙ ቀራጭ ከሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ ከሚያቀናብረው መሣሪያ) አንድ ገመድ ስቦ ይቀመጣል። ከሚክሰር የሚወጣው ግን በማይክ የገባው ብቻ ነው፤ የታዳሚው ሳቅና ያለማይክ የሚመታው ማሲንቆ አይኖርበትም። ወግ ደግሞ ሳቁ ከሌለ ደርቆ ይቀራል። እሷ ዙም ኤች 6 ሪከርደሯን ከመድረኩ ፊት ለፊት በስታንድ ከፍ አድርጋ ታቆማለች። በላዩ ያሉት ጥንድ ማይኮች አዳራሹን ይይዛሉ፣ ከሚክሰር የመጣው ገመድ ተናጋሪውን።

ሁለቱን እንዳሉ መደረብ ግን አይሆንም። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት የአዳራሹ ቅጂ ዘግየት ይላል፤ ሲደረብ ንግግሩ ከጎተራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ሳይገባ በመድረኩ ማይክ ላይ አንዴ ታጨበጭባለች፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሁለቱን ጭብጨባ ጫፍ ታገጣጥማለች።

ሙከራ ላይ ገጣሚውን «አንድ፣ ሁለት» አታስብለውም። በጣም የሚጮህበትን ስንኝ ታስነብበውና ጫፉ -12 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ፤ ጣሪያው 0 ነው) አካባቢ እንዲደርስ ታስተካክላለች። ከሚክሰር የሚመጣው ከማይክ እጅግ ስለሚበረታ የ-20 ዲቢውን ፓድ (የሚገባውን ድምፅ የሚቀንሰውን ማብሪያ) ትከፍታለች፤ ይህ ከተረሳ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም። ለአዳራሹ ማይኮች በ12 ዲቢ ዝቅ ያለ መጠባበቂያ ቅጂም አብሮ ይቀዳል፤ ድንገት ለሚፈነዳ ጭብጨባ መድኃኒቱ እሱ ነው። በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርትዝ ጥራት ነው የምትቀርጸው፤ አንድ ስቴሪዮ ፋይል በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል።

ሪከርደሩን ሶኬት ላይ አትሰካም፣ በአራት የባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። እንደ ሚክሰሩ ከግድግዳ ከተሰካ በገመዱ በኩል እምምም የሚል የ50 ኸርትዝ ድምፅ ሊገባ ይችላል። መብራት ሲሄድም ሚክሰሩ ይጠፋል እንጂ የአዳራሹ ማይኮች አያቆሙም። መብራት በሄደበት ሰዓት ገጣሚው ያለማይክ የጨረሰው ግጥም ዛሬ ሙሉውን በእጃችን ያለው ለዚህ ነው።

ጋቢ ለለበሰ ሰው የደረት ማይክ አትሰካም፤ ጨርቁ እየተንኮሻኮሸ ቃሉን ይሸፍነዋል። ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ሳትገለብጥ ሚሞሪዋን አታጸዳም።

ከጠራችኋት ለሚክሰሩ ባለሙያ ቀድማችሁ አንድ ነገር ንገሩልን፦ ፕሪ ፌደር የሆነ (የአዳራሹ ድምፅ ማስተካከያ የማይነካው) አንድ የኦክስ መውጫ፣ ማለትም ተጨማሪ የድምፅ መውጫ፣ ክፍት ይተውላት። አለዚያ እሱ ለአዳራሹ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ ቅጂውም አብሮ ይዋዥቃል። ታዳሚ ከመግባቱ በፊትም በቂ ጊዜ ስጧት፤ ጥሩ ቅጂ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ስልኳን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንልካለን።