አዲስ አበባ ላይ ውሃ አፍልቶ «100» የሚያሳያችሁን የዘይት ሙቀት መለኪያ አትግዙ

ሞተር ሳይክል የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የምታደርሱ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በ3,200 ብር የገዛሁት የሞተር ዘይት ሙቀት መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሲነግረኝ ሁለት ወር ከረመ። የከሰርኩት ደግሞ 3,200 ብሩን ብቻ አይደለም። ገና ያልደከመ ዘይት ደፋሁ። ያልታመመ ኢንጅን ላስፈታ ነበር። ከኢንጅኑ ሥር ዘይቱን የሚይዘው የኮፓዬም የቡሎን ጥርስ ተበላ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። የእኔ ሞተር 150 ሲሲ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ። ብዙዎቻችን የምንነዳው እንዲህ ያለውን ነው። ራዲያተር የለውም። እንደ መኪና ሙቀት የሚያሳይ ቀስትም የለውም። ሙቀቱን የሚያወጣለት ነፋሱና ዘይቱ ነው። ዘይቱ ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ያው አንዱ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ከኋላ ዕቃ ጭናችሁ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ፣ ከፊት ያለው ታክሲ በቆመ ቁጥር እናንተም ስትቆሙ፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ያን ጊዜ ዘይቱ ምን ላይ እንደደረሰ ማወቅ ትፈልጋላችሁ።

ጤነኛ ሞተር በደንብ ከሞቀ በኋላ ዘይቱ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ዳገትና ጭነት ሲኖር ትንሽ ከፍ ቢል አያስደነግጥም። 130ን አልፎ እዚያው ከቆየ ግን ዘይቱ ቶሎ ያረጃል። በዘይት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ግምት አለ፤ ዘይት ከሞቀ በኋላ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የ10 ዲግሪ ስህተት ትንሽ ስህተት አይደለም።

መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ዲጂታል ነው፤ ትንሽ ጥቁር ስክሪን፣ ሁለት ገመድ፣ ጫፉ ላይ ሴንሰር ያለው ቡሎን። ቡሎኑ በዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ቦታ ይገባል። ሻጩ ጥሩ ሰው ይመስላል። «ወንድሜ፣ በወሬ አልሸጥልህም፣ በዓይንህ እይ» አለኝ። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያውን ሰካ። ውሃው ሲንተከተክ ሴንሰሩን ነከረው። ስክሪኑ 96፣ 98፣ 99፣ ከዚያ 100 ላይ ቆመ። «ውሃ ስንት ላይ ነው የሚፈላው?» አለኝ። «መቶ» አልኩት። «በቃ!» አለኝ። ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

ያ መቶ ነው ያታለለኝ።

ከገጠምኩት ከሳምንት በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ዳገት ላይ 121 ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 129 አለኝ፤ ዳር ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ዘይቱ የተቀየረው በቅርቡ ቢሆንም ደፍቼ አዲስ አስገባሁ። ቁጥሩ ምንም አልተለወጠም። ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ «ፒስተኑ ሳይሆን አይቀርም፣ ቴስታታው ይፈታና እንየው» አለኝ፤ ቴስታታ የኢንጅኑ የላይኛው ክዳን ነው። ሌላው ደግሞ ወፈር ያለ የመኪና ዘይት ጨምርበት አለኝ። ይህን እንኳን አልሰማሁትም፤ እናንተም አትስሙ። የእኛ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማለስለሻ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚለውን የሞተር ሳይክል ደረጃ አይታችሁ ግዙ።

ያዳነኝ ጎረቤታችን ነው። የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ በሰፈር ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ሙቀቱ ሳማርር ሰምተው እንዴት እንደገዛሁት ጠየቁኝ። የውሃ ማፍያውን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ መቶ ሳይደርስ ነው የሚፈላው» አሉኝ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትጥዱት ማለት ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ሐዋሳ 94፣ ድሬዳዋ 96፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 91 እንኳን በቅጡ አይሞላም። ደጋ ላይ ንፍሮ እሳት ላይ ውሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ነገሩን ያውቁታል፤ እኛ ግን መለኪያ ስንገዛ ትዝ አይለንም።

ስለዚህ መለኪያዬ በአዲስ አበባ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ 100 ማለቱ ትክክለኛነቱን አላሳየም። ስምንት ዲግሪ እንደሚዋሽ ነው ያሳየው።

ጋሼ እስከ 200 ዲግሪ የሚለካ የላብራቶሪ ቴርሞሜትር ይዘው መጡ። ግቢ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ሞከርናቸው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ ላይ ሁለቱም 25 አሉ። ልዩነት የለም። ውሃው እውነተኛ 50 ሲሆን የእኔ 53 አለ። 70 ሲሆን 75። ሲፈላ ቴርሞሜትሩ 92፣ የእኔ 100። ከዚያ ያረጀ የምግብ ዘይት በብረት ድስት አሞቅን። ቴርሞሜትሩ 110 ሲል የእኔ 121 አለ። ያስደነገጠኝ 129 እውነተኛው 117 አካባቢ ነበር። ለተጫነ ሞተር፣ ለዚያ ዳገት፣ ምንም የማያስፈራ ቁጥር ነው።

ስህተቱ እየሰፋ መሄዱን አያችሁ? ቀዝቃዛ ላይ ትክክል ነው፤ በሞቀ ቁጥር ይርቃል። ጋሼ ምክንያቱን አስረዱኝ። ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፍሬ በሞቀች ቁጥር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ታሳልፋለች። ስክሪኑ ይህንን ወደ ዲግሪ ይተረጉማል። ግን ሁሉም ፍሬ እኩል አይደለም። አንዱ ስክሪን የተሠራው ለአንድ ዓይነት ፍሬ ነው። ሌላ ዓይነት ብትሰኩበት 25 ላይ ይስማማሉ፣ ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። ከውጭ ሲታዩ ግን ሴንሰሮቹ አንድ ናቸው፤ ሶኬታቸውም ይገጥማል። «ሴንሰሩ ቢበላሽ ለብቻው አለ፣ ሁሉም ያው ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። ያው አይደለም።

የቡሎኑ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስወጥቶኛል። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን ሁሉ ጥርሱ አንድ አይደለም። ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር የሆነ አለ፣ 1.5 የሆነም አለ። በዓይን አይለይም። ያልሆነው ቡሎን መጀመሪያ አንድ ሁለት ዙር በጣት ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። የገጠመልኝ ልጅ ጠበቀ ብሎ በቁልፍ አስገደደው። ኮፓው አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑ ብረት። ማን እንደሚበላ ግልጽ ነው። ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ቶርኖ ቤት ወስጄ ጥርሱን እንደገና አስወጣሁ። ከመለኪያው ዋጋ በላይ ከፈልኩ። ቡሎኑ በጣት ብቻ ሙሉ በሙሉ ካልገባ እዚያው አቁሙ፣ ማንም እንዲያስገድደው አትፍቀዱ። ቡሎኑ ከኮፓው ወደ ታች ምን ያህል እንደሚወጣም እዩ፤ የኮብልስቶን መንገድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሊመታው ይችላል።

ባለ አንድ ገመድ ሴንሰርም አለ። እሱ የሚሠራው በቡሎኑ አካል በኩል ከኢንጅኑ ጋር ተነካክቶ ነው። ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብላችሁ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ከጠቀለላችሁበት ግንኙነቱ ይደክምና ከእውነተኛው ያነሰ ሙቀት ሊያሳያችሁ ይችላል። ይህ ከእኔ የባሰ ነው። እኔ በከንቱ ደነገጥኩ፤ በዚህኛው ግን ሞተሩ እየነደደ እናንተ ተረጋግታችሁ ትነዳላችሁ።

ሌላም የሚሸጥ አለ። ጫፉ እንደ ቀለበት የሆነ ሴንሰር «የዘይት ሙቀት» ተብሎ ይሰጣችኋል። ቀለበቱ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሥር ነው የሚገባው። እዚያ የሚለካው የቴስታታው ሙቀት እንጂ የዘይቱ አይደለም። ቴስታታ ከዘይቱ በጣም ይበልጣል። ዕቃው በራሱ ክፉ አይደለም፣ ለሌላ ሥራ ነው። ቁጥሩን እንደ ዘይት ሙቀት ካነበባችሁት ግን ጤነኛ ሞተር ታስፈታላችሁ።

በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደግኑት የነበረውን ዓይነት ሽጉጥ መሳይ መለኪያም ያቀርቡላችኋል። ለሰው የተሠራው ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ አይሄድም፤ ለሞተር አይሆንም። ለሥራ የሚሆነውም ቢሆን የሚለካው የብረቱን ላይ እንጂ ውስጡ ያለውን ዘይት አይደለም። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ከእውነቱ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። እሱ ካላችሁ ኮፓው ላይ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም በትንሹ ቀቡና እዚያች ላይ ብቻ ደግኑ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ለማነጻጸር ያህል ይረዳል።

በዘይት መሙያው ክዳን ቦታ የሚገባው ባለ ቀስት መለኪያ ገመድ ስለሌለው እኔ እወደዋለሁ። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ክዳን ይዛችሁ ሂዱ። ጥርሱንም ርዝመቱንም አስተያዩ። ጫፉ ዘይቱ ውስጥ ካልጠለቀ የሚነግራችሁ የኢንጅኑን የውስጥ አየር ሙቀት ነው። በጣም ከረዘመም ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ሊነካ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ፈትኑት፤ ሻጩ ብቻ ሳይሆን እናንተም ፈትኑት። የፈላ ውሃ ካለ አዲስ አበባ ላይ ከ91 እስከ 94 መካከል የሚለውን ተቀበሉ፤ 100 ካለ ትታችሁ ውጡ። በረዶ ካገኛችሁ ፈጭታችሁ ከትንሽ ውሃ ጋር ደባልቁት፤ ከፍታው ምንም ቢሆን ዜሮ አካባቢ ማለት አለበት። የክፍሉን ሙቀት ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ። የእኔም እሱን በትክክል ነበር የሚናገረው። በትኩስ ዘይት የምትሞክሩ ከሆነ ሕጻናትን አርቁ፣ ውሃ ጠብ እንዳይልበት ተጠንቀቁ፣ ሴንሰሩ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ በገመዱ አንጠልጥሉት፤ ቂጡ ከዘይቱ ይበልጥ ይሞቃል።

ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይም የዕቃው ዓይነት ይጻፍ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኔ ሁለት ወር ቆይቼ ያለ ደረሰኝ ስመለስ ሻጩ «ከእኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተ በገዛችሁበት ቀን ማታ ፈትኑት፣ ችግር ካለው በማግስቱ ሂዱ።

እንዲህ ያለ መለኪያ ገዝታችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሴንሰሩን ፍቱና የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስንት እንዳለ ከከተማችሁ ስም ጋር ጻፉልኝ። የደብረ ብርሃንና የድሬዳዋ ልጆች በተለይ፤ የእናንተን ቁጥር ከእኛ ጋር ማስተያየት እፈልጋለሁ።