"ቆይ እስኪ፣ ገና እንዳትገዢ" ላለኝ የኤሲ ባለሙያ

ብዙ ጊዜ ምጽፈው ስናደድ ነው፣ ዛሬ ግን አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ሳሎናችን ኤሲ የገጠመልን ልጅ ነው፣ ስሙን እንዳልለጥፈው ራሱ ለምኖኛል፣ "ሰው ከበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል" ነው ያለኝ (እንዲ የሚል ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም)፣ ስለዚ ምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ።

መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ ልናገር። መኝታ ቤት አንድ ኤሲ አለን። ያኔ ስንገዛው "መግጠሙ በነጻ ነው" ስላሉን ደስ ብሎን ነበር፣ ገጣሚው መጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ሄደ እኛም ፍጥነቱን አድንቀን አመስግነን ሸኘነው። ዓመት ሳይሞላው ሞቅ ያለ አየር መንፋት ጀመረ። ጋዝ አልቋል ተባለ፣ ተሞላ። ከወራት በኋላ ደግሞ አልቋል ተባለ፣ ተሞላ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንከፍል ባለቤቴ "ይሄ ነገር መኪና ነው እንዴ ነዳጅ ሚቀዳለት" አለ።

ይሄ ሁሉ ደርሶብንም አልተማርንም ማለት ነው፣ ለሳሎን ሌላ ስናስብ በጀት የያዝነው ለማሽኑ ብቻ ነበር። ለዛውም 24 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ ሚለካበት ነው)፣ ትልቅ ከሆነ ቶሎ ያቀዘቅዛል በሚል። ገንዘቡን ይዘን ልንወጣ ስንል አንዷ ጓደኛዬ "ተይ እንጂ፣ መጀመሪያ ሰው ቤቱን ይይልሽ" ብላ ይሄን ልጅ ላከችልኝ።

መጣና ሜትሩን አወጣ። ሳሎኑን ለካ፣ 20 ካሬ። ከዛ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ከሰዓት ፀሐይዋ የቱ ጋ እንደምታርፍ፣ ማታ ስንት ሰው እንደምንቀመጥ፣ ኩሽናው በር አለው የለውም፣ ምናምን እያለ ሲጠይቅ እናቴ ትዕግስቷ አልቆ "ልጄ፣ ኤሲ ልትገጥም ነው ወይስ ቤቱን ልትገዛው" አለችው። ሳቀና "እማማ፣ ጫማም ሲገዛ እግር ይለካል" አላት። ከዛ በኋላ ወደደችው በቃ፣ እስከ መጨረሻው "ያ ባለጫማው" ነው ምትለው።

ስሌቱን እኔም ስለገባኝ ልንገራችሁ። ለመነሻ ለአንድ ካሬ 600 ቢቲዩ ገደማ ይያዛል፣ ስለዚ የኛ 12 ሺህ። ፀሐይ በደንብ ሚገባበት ክፍል ስለሆነ 10 ፐርሰንት ተጨመረ፣ ከሁለት ሰው በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ደግሞ 600፣ እኛ አራት ስለሆንን ሲደመር 14,400 አካባቢ ወጣ። ገበያ ላይ ደግሞ በብዛት ያለው 12 ወይ 18 ሺህ ነው። ወይ መስኮቱን ከውጪ ጥላ አርጋችሁ ክፍተቱን ደፍናችሁ በ12 ተብቃቁ፣ ወይ ደግሞ 18 ኢንቨርተር ይሁን፣ ኢንቨርተር ሚባለው ኮምፕረሰሩ (ጋዙን ጨምቆ ሚያዞረው ሞተር) እንደ አስፈላጊነቱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳም አለ። 24ቱን ግን እንቢ። ለምን ስለው፣ በጣም ትልቅ ከሆነ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ሳያወጣ፣ ከዛ መልሶ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል ግን እርጥበቱ አይለቀውም፣ ኮምፕረሰሩም በመነሳትና በመጥፋት ያልቃል። እኛ ለካ ተጨማሪ ከፍለን ችግር ልንገዛ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በጀቱ ነው። ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ቀደደና መጻፍ ጀመረ። የመዳብ ቱቦ በሜትር፣ የቱቦው ልባስ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ ውጪ ሚሆነው የማሽኑ አካል ሚቀመጥበት ብረትና ከስሩ ሚገባው ጎማ፣ የውሃ መውረጃ ቱቦ፣ ግድግዳ መብሻ፣ የእጅ ዋጋ፣ ከዛ ለማይታወቀው ነገር የጠቅላላው 15 ፐርሰንት። ማሽኑን ራሱን መጨረሻ ላይ ነው የጻፈው። "ሁሉም ሰው ከማሽኑ ይጀምርና ለቀሪው ሲያጥረው ቱቦው ላይ ይቆጥባል፣ ቱቦው ላይ የቆጠበውን በጋዝ ይከፍለዋል" አለኝ። ባለቤቴን አየሁት። ባለቤቴ ጣሪያውን አየ።

ከዛ ቦታውን አስቀየረን። እኛ ያሰብነው ከቲቪው በላይ ነበር፣ ለዓይን ያምራል ብለን። ከዛ እስከ ውጪው ማሽን ቱቦው 11 ሜትር ይሄዳል፣ ኤሲው ሚያወጣው ውሃም በራሱ ስለማይወርድ ፓምፕ ሊፈልግ ነው። ጎን ያለው ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን 4 ሜትር ብቻ፣ ውሃውም ዘንበል ብሎ በራሱ ይወጣል (በሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት አለ)። ደግሞ ፋብሪካው የሞላው ጋዝ የሚበቃው ማኑዋሉ ላይ እስከተጻፈው የቱቦ ርዝመት ነው፣ ከዛ ካለፈ በየሜትሩ በግራም እየተመዘነ ይጨመራል፣ እሱም ሌላ ወጪ። ይሄን ሁሉ በአንድ ግድግዳ ቅያሬ አተረፍን፣ ለኔ ከማሽን ቅናሽ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ ቅናሽ ያለው ያገለገለ አንድ አግኝቼ ነበር፣ አር 22 ሚባለው ጋዝ ያለበት። እሱንም አስተወኝ። ጋዙ ኦዞንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት (በፈረንጆች 1987 የተፈረመው) መሠረት ዓለም ላይ እየቀረ ያለ ነገር ነው፣ ነገ ሲያንስብሽ ከየት ትሞይዋለሽ አለኝ። የገዛነው 18 ሺሁን ኢንቨርተር ነው፣ ጋዙ አር 32 ሚባለው።

መብራቱም አሳስቦኝ ነበር። 18 ሺህ ቢቲዩ ማለት ከ5 ኪሎዋት በላይ ነው ሲባል ደነገጥኩ፣ ለካ እሱ ሚያወጣው ሙቀት ነው እንጂ ሚበላው አይደለም፣ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሚያሻግር ብቻ ሚበላው 1.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ይሄን በምትጠቀሙበት ሰዓት አባዙትና በአካባቢያችሁ ታሪፍ አስሉት፣ የወር ወጪ ነውና በጀት ውስጥ ይግባ። መስመሩን ከማከፋፈያው ለብቻው ነው ያወጣው፣ በ4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ ሶኬት ላይ አልሰካውም።

የገጠመ ቀን (ሁለት ሰዓት አርፍዶ ነው የመጣው፣ ይሄንን አልደብቅም፣ አቧራውንም በደንብ አልጠረገም) ቱቦውን አስሮ ከጨረሰ በኋላ የቫኪዩም ፓምፕ (ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት ሚስበው) አስነሳ። ማሽኑ ተገጥሟል፣ ለምን አይከፍተውም ብዬ ቆሜ ሳይ፣ አንዲት ትንሽ መለኪያ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ ያያል። ከ500 ማይክሮን (ውስጡ የቀረው ግፊት ሚለካበት ነው) በታች ሲሆን ፓምፑን ዘጋና ቁጭ አለ። ዝም ብሎ ቁጭ። ቁጥሩ ተመልሶ ከወጣ ወይ ሚያፈስ አለ ወይ እርጥበት ቀርቷል ማለት ነው አለኝ፣ እርጥበቱ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆንና ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። አልወጣም። ከዛ በኋላ ነው ጋዙን የለቀቀው። የዛኛው የነጻው ገጣሚ አንድ ሰዓት ትዝ አለኝ፣ እሱ ፓምፕ የሚባል ነገር ይዞ አልመጣም ነበር።

ሊሄድ ሲል የመኝታ ቤቱን ነገርኩት። ቡናም ሳይል ብሩሽ በሳሙና አረፋ ነክሮ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቀባ። ትንሽ ጠበቅን። ቱቦውን ከሚያስረው ብሎን (ናት ይሉታል) ስር አንዲት አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፣ ሌላ አበጠች። የቱቦው አፍ ሲሰፋ ጠማማ ሆኖ ነበር። "ጋዝ እኮ አያልቅም" አለ ለባለቤቴ፣ "ነዳጅ አይደለም፣ ዝግ ሆኖ እዛው ነው ሚዞረው፣ ካነሰ የሆነ ቦታ ወጥቷል።" ሦስት ጊዜ የሞላንለት ሁሉ በዛች አረፋ ነበር ሲወጣ የኖረው። ቆርጦ እንደገና ሠራው፣ ብሎኑን በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) አሰረው፣ ለዚ የጠየቀው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ጋዝ ከከፈልነው ያነሰ ነው።

ርካሽ አይደለም ልጁ፣ ከጠየቅኳቸው ሦስት ሰዎች በእጅ ዋጋ ከፍ ያለው እሱ ነበር። ግን በድምሩ ስናየው መጀመሪያ ካሰብነው ባነሰ ጨረስን፣ የተረፈችው 15 ፐርሰንት ውስጥ ለሚቀጥለው ዓመት ማጠቢያ ሚሆን ቀርቷል። ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ እኔው ነኝ ማጥበው። 25 ዲግሪ ላይ ነው ምናደርገው፣ እናቴ እሱንም ይበርዳል ብላ ሹራብ ለብሳ ከፊቱ ትቀመጣለች፣ ሌላ ወንበር ግን እንቢ አለች።

ቁጥሩን ምትፈልጉ ጻፉልኝ። ጠዋት ደውላችሁ ካላነሳ አትቀየሙት፣ መሰላል ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም።