አንድ ጋሎን ሳይደር፣ አንድ ጋሎን ቢራ፦ የጀማሪ ሳጥን እንዴት ነው?

ፍርዴን ከላይ ልንገራችሁ፣ የቸኮለ ይሂድ። ቤት ውስጥ ቢራና ሳይደር (ከፖም ጁስ የሚጠመቅ መጠጥ) ለሚጠምቅ ጀማሪ ተብሎ የሚሸጠው ባለ አንድ ጋሎን ሳጥን ለሳይደር ጥሩ ነው። ለቢራም ዕቃው አይከፋም፤ ልፋቱ ግን ከሚገኘው ጋር አይመጣጠንም። ዋጋው ከ50 ዶላር ትንሽ አለፍ ይላል። ከሁሉ በፊት ውስጡ መኖር የነበረበት ዕቃ ደግሞ የለም። እመጣበታለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ። ወጥ ቤቴ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ኮሪደር ላይ ይቆማል። ይሄን የምለው «ባለ አምስት ጋሎኑን ለምን አልገዛህም?» ለሚለኝ ሰው ነው። አምስት ጋሎን ወደ 19 ሊትር ነው። እሱን የሚችል ድስትም፣ የማስቀምጥበት ቦታም፣ የማነሳበት ወገብም የለኝም። አንድ ጋሎን ግን 3.8 ሊትር ገደማ ስለሆነ ቁም ሳጥን ጥግ ላይ ይቀመጣል። ቢበላሽም አንጀት አያሳርርም።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ጋሎን የሚይዝ ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ አለ። ቀዳዳ ያለው የጎማ ውታፍ፣ ኤርሎክ፣ ቴርሞሜትር፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጫ የላስቲክ ቱቦ፣ የማጠቢያ ዱቄት፣ ቆርኪዎችና በሁለት እጅ የሚጫኑት ቆርኪ መግጠሚያም አለው። ለአንድ ዙር ቢራ የሚሆን የተፈጨ ብቅል፣ ሆፕስ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባው መራራ አበባ) እና እርሾም ተጨምሮበታል። ክዳኑ ላይ የተነሱት የሚያማምሩ ቡናማ ጠርሙሶች ግን የሉም። ፎቶ ላይ ብቻ ናቸው። ቱቦውም ደረቅ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልነከራችሁት አይታዘዝም።

ኤርሎኩን ወድጄዋለሁ። ውሃ የሚቋጥር ትንሽ ፕላስቲክ ነው። እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ ያሳልፋል፣ አየርና ትንኝ አያስገባም። ለብቻው ሲገዛም ጥቂት ዶላር ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ሳይደሩ። ሳይደር ማለት ጁስ፣ እርሾና ትዕግሥት ነው፣ አለቀ። እሳት የለም፣ ድስት የለም። ወጥመዱ ያለው ጁሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ፖታሲየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት የሚል ካያችሁ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት። እንዳይበላሽ የተጨመሩ ናቸው፤ እርሾው እንዳይራባ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። ፓስቸራይዝድ፣ ማለትም በሙቀት ጀርሙ የተገደለ፣ መሆኑ ችግር የለውም። ቫይታሚን ሲ ቢኖረውም ግድ የለም። አንዳንድ ሱቅ ደግሞ ድፍርሱን የፖም ጁስ በመስታወት ጋሎን ይሸጣል። እሱን ከገዛችሁ ሁለተኛ መጥመቂያ በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው። ውታፉና ኤርሎኩ ልኩ ከሆነ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይጠመቃል።

ሁለት ብርጭቆ ያህል ቀድታችሁ ጠጡለት፣ አረፋው ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ግማሽ ፓኬት እርሾ ነስንሱበት። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እርሾ ለቢራው ተዉት። ለሳይደሩ ሴፍኤል ኤስ-04 የሚባለውን የእንግሊዝ የቢራ እርሾ ገዝቼ ነው የተጠቀምኩት፤ የፖሙን ጣዕም ብዙ አይነካም። ላልቪን ኢሲ-1118 የተባለውንም ሞክሬዋለሁ። እሱ የሻምፓኝ እርሾ ነው። እስከ 18 በመቶ አልኮል ድረስ የሚችል ጉልበተኛ ነው፣ ግን የፖሙን ሽታ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ለጀማሪ ኤስ-04 ይሻላል ባይ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ኤርሎኩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጁሱ ዳር ዳሩን ክሬም የመሰለ አረፋ ይዟል። ባትሪ ሲበራበት ከሥር ወደ ላይ የሚወጡት ደቃቅ ፊኛዎች ማለቂያ የላቸውም። ቡናማ የነበረው ጁስ ድፍርስ ቢጫ ይሆናል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ክፍሉ የበሰበሰ እንቁላል ሊሸት ይችላል። አትደንግጡ፣ እርሾው የሚያወጣው ድኝ ነው፤ በራሱ ይጠፋል። በኋላ እርሾው ከሥር ይዘቅጥና ላዩ ይጠራል። ሲጠራ ማየት ደስ ይላል፤ በየቀኑ መስመሩ ዝቅ ዝቅ ይላል።

እናቴ በስልክ ሰማችና መመርመር ጀመረች።

«ምንድን ነው የምትጠምቀው?»

«የፖም ጠላ በይው፣ እማዬ።»

«ዕቃውን በምን አጠንከው?»

«ይሄ አይታጠንም፣ በኬሚካል ነው የሚታጠበው።»

«ምነው፣ አሜሪካ ወይራ ጠፋ?»

ጥያቄዋ ግን ቦታው ላይ ነው። ጋን በወይራ የሚታጠነው ለሽታው ብቻ አይደለም። እዚህም የመጠጡ ዕጣ የሚወሰነው በዕቃው ንጽሕና ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የማጠቢያ ዱቄት ለአንድ ዙር ያህል ነው የሚበቃው። ስለዚህ ስታር ሳን የሚባለውን ፈሳሽ ጀርም መግደያ ገዛሁ። ለአምስት ጋሎን ውሃ አንድ አውንስ ነው የሚገባው፤ ለአንድ ጋሎን 6 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ብዙ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውም አይለቀለቅም። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ እጃችን ካልለቀለቀ አያምንም። ግን ጠርሙሱን ደፍታችሁ አንጠፍጥፉና ጁሱን አስገቡበት፤ የተረፈው አረፋ ምንም አያደርግም። መጀመሪያ ዕቃው በደንብ መታጠብ እንዳለበት ግን አትርሱ። ስታር ሳን ጀርም ይገድላል እንጂ ቆሻሻ አያነሳም።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የጎደለው ዕቃ ሃይድሮሜትር ነው። ሳጥኑ ላይ «የሚያስፈልግዎ ሁሉ» ይላል፤ ሃይድሮሜትር ግን የለም። መመሪያው የሚለው «ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፣ ከዚያ በጠርሙስ ያሽጉ» ነው። ይሄ ለጀማሪ የሚነገር ነገር አይደለም። ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ እርሾው ሦስት ሳምንትም አራት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ስኳሩ ሳያልቅ ካሸጋችሁት እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፣ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ መስታወቱ ይፈነዳል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ዓይን ያጠፋል።

ሃይድሮሜትር ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ የመስታወት ዘንግ ነው። ስኳር ሲበዛ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ስኳሩ ሲበላ ይሰጥማል። ዋጋው የሁለት ማኪያቶ ቢሆን ነው። ንጹሕ ውሃ ላይ 1.000 ያሳያል፣ የሱቅ የፖም ጁስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1.050 አካባቢ። ሳይደሩ ሲያልቅ 1.000 ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሆናል። ሁለቱን ቀንሳችሁ በ131 ስታበዙት የአልኮሉ መጠን ይወጣል፣ 6.5 በመቶ ገደማ። ዛሬ የለካችሁት ከጥቂት ቀን በኋላም ያው ከሆነ እርሾው ጨርሷል። ያኔ እሸጉ።

ጋዝ ያለው ሳይደር ከፈለጋችሁ ለጋሎኑ 20 ግራም ያህል ስኳር ትንሽ ውሃ ውስጥ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ጨምሩ፣ ከዚያ ቆርኪውን ግጠሙ። በዓይን ግምት አይሆንም፣ ሚዛን ተጠቀሙ። ጠርሙስ ስታጠራቅሙ ደግሞ በመክፈቻ የሚከፈተውን ዓይነት ምረጡ። በእጅ የሚጠመዘዘው ጠርሙስ አዲስ ቆርኪ በደንብ አይዝም። እኔ ሁልጊዜ አንዱን በፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ እሞላለሁ። በጣት ስጫነው እምቢ ሲል ጋዙ ገብቷል ማለት ነው፤ ሌሎቹን ወደ ፍሪጅ አስገባለሁ።

ጣዕሙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። እርሾው ስኳሩን በሙሉ ስለሚበላው ከሱቅ እንደምንገዛው ጣፋጭ ሳይደር አይደለም። ደረቅ ነው፣ ቀለል ያለ፣ መጨረሻው ላይ ጎምዘዝ ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ቀምሶ «ስኳሩን ረሳኸው እንዴ?» አለኝ። ጣፋጭ ለሚፈልግ ብርጭቆው ላይ ትንሽ ጁስ እጨምርለታለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ለማጣፈጥ ብሎ ጠርሙሱ ላይ ከዚያች ከ20 ግራሟ በላይ ስኳር ጨምሮ ማሸግ ግን ወደ ፍንዳታው መመለስ ነው።

ሌላ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ሜታኖል፣ መርዛማው አልኮል፣ አይኖረውም?» የፖም መጠጥ ሁሉ በጣም ጥቂት ይኖረዋል፣ የሱቁም ጭምር። ሰው የሚጎዳው በተበረዘ አረቄ ነው እንጂ እንዲህ ባለ ሳይደር አይደለም።

ከዚያ እጄ አላርፍ አለና ከሐበሻ ሱቅ የጌሾ እንጨት ገዛሁ። አንዱ ጋሎን ሳይደር ላይ ጥቂት ስንጥር አፍልቼ ጨመርኩ። መመሪያው ይሄን አያውቅም። ጁሱ ለስላሳ ስለሆነ ጌሾው ቶሎ ያይላል፣ ስለዚህ እጃችሁን ሰብስቡ። ሲያልቅ ቀለሙ ደመቅ ያለ፣ ምላስ ላይ ቆየት የሚል ምሬት ያለው መጠጥ ወጣ። ከቅባታም ምግብ ጋር፣ በተለይ ከጥብስ ጋር፣ ከንጹሑ ሳይደር ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ፎቅ ላይ ያሉት እትዬ ቀምሰው «ይሄኛውስ መጠጥ መስሏል» አሉኝ። የመጀመሪያውን ሰጥቻቸው ዝም ነበር ያሉት።

ቢራው ላይ ብዙ አልቆይም። ብቅሉን 67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ትዘፈዝፋላችሁ። ታጠልሉታላችሁ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቡታላችሁ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ትቀቅላላችሁ። ሆፕሱ በየደረጃው ይገባል። መፍላት ሲጀምር አረፋው ገንፍሎ ምድጃውን ሊያለብስ ስለሚችል ከአጠገቡ ንቅንቅ የለም። ከዚያ ድስቱን በረዶ በሞላ ማጠቢያ ውስጥ አስቀምጦ ወደ 20 ዲግሪ ማውረድ ነው። ግማሽ ቀን ይሄዳል። የብቅሉ ሽታ ሶፋና ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ ይሰነብታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘጠኝ ጠርሙስ ቢወጣ ነው።

ቢራው መጥፎ ነበር? አልነበረም። ሆፕሱ ካስኬድ የሚባለው ነው፣ ግሬፕፍሩት ግሬፕፍሩት ይሸታል። ግን የጊዮርጊስ ዓይነት ቢራ ጠብቃችሁ ከሆነ አታገኙትም። ያ ላገር ነው፤ 10 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቃዛ ቦታ ተጠምቆ ከዚያም ለሳምንታት ፍሪጅ የሚያርፍ። ሳጥኑ የሚሠራው ኤል ነው፣ በክፍል ሙቀት የሚጠመቅ። ለፍቅሩ ከሆነ ሥሩት። ለመጠጡ ከሆነ ስድስቱን ጠርሙስ ከሱቅ መግዛት ይረክሳል።

ሕጉን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለራስ መጠጫ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉበት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ወይንና ሳይደርም በዚሁ ልክ ይፈቀዳሉ። መሸጥ አይቻልም። አረቄ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው። ስንት ሰው አንድ የሚመስለው አለ።

ስለዚህ ማን ይግዛው? ቢራ አሠራሩን ማየት የሚፈልግ፣ ቅዳሜውን የሚሰጥ ሰው ሳጥኑን ይግዛ፣ ሃይድሮሜትርም ይጨምርበት። ሳይደር ብቻ የሚፈልግ ግን ሳጥኑን ይለፈው። የመስታወት ጋሎን ጁስ፣ ውታፍና ኤርሎክ፣ ፓኬት እርሾ፣ ሃይድሮሜትር፣ ስታር ሳንና ቱቦ ለየብቻ ይግዛ። ከሳጥኑ በርከስ ይላል፣ የማይጠቀምበት ዕቃም አይተርፈውም። ያለ ጋዝ ለመጠጣት ቆርኪ መግጠሚያም አያስፈልግም።

ጊዜውን ደግሞ ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ በተለይ ኤሲ በማይነፍስበት ጥግ፣ አትጀምሩ። እርሾው ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሚያቃጥል፣ ራስ የሚያሳምም ዓይነት ጣዕም ያመጣል። ከመስከረም ጀምሮ ያለው ጥሩ ነው። ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ በቨርጂኒያ ዊንቸስተር አካባቢ ያሉ የፖም እርሻዎችም ያኔ ነው አዲስ ጁስ የሚጨምቁት። ስትገዙ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ነገር ተጨምሮበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተጨመረበት ሁለት ጋሎን ያዙ።