ተሳቢ ለምትጎትቱ ሁሉ፦ ስለ አንድ የባሕር ዳር መካኒክ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የጀልባችን ተሳቢ በፎገራ ሜዳ ላይ ጎማው ሊወልቅ ደርሶ በቆምን ጊዜ ከባሕር ዳር ድረስ መጥተው የረዱንን አንድ የጋራዥ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም በጣና ዙሪያ ጀልባ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርም ሆነ የእህል ጭነት በተሳቢ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሁሉ እንዲያውቃቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ፣ ሠራተኞቻቸው እንደሚጠሯቸው እኔም «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንዲት አነስተኛ የፋይበር ጀልባ የምንተዳደር ሲሆን፣ ሥራ ወዳለበት የሐይቁ ዳርቻ በሃይሉክስ እየጎተትን እንወስዳታለን። በዚያን ዕለት ከጎርጎራ ተነሥተን በጎንደርና በአዲስ ዘመን አድርገን ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ፣ ወረታን አልፈን የጉማራን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ከተሳቢው የግራ ጎማ ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም የተቃጠለ ግራሶ ሸተተን። ወንድሜ ቀስ ብሎ ዳር ይዞ አቆመ። ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ መንገዱ ከሩዝ ማሳው ከፍ ብሎ የተሠራና ትከሻው ጠባብ በመሆኑ፣ የተበላሸው ጎማ ከነችግሩ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ሰዓቱ ወደ ማምሻው ነበር፤ ከብቶች ከግጦሽ የሚመለሱበት፣ አይሱዙውም ከመጨለሙ በፊት ከተማ ለመግባት የሚጣደፍበት ሰዓት ነው።

የጋሼን ስልክ የሰጠን ወረታ ያለ አንድ ጎሚስታ ነው። ደውዬ ስለ ጎማው ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝና «ልጄ፣ ጎማው ይቆየን፤ ሰዎቹ የት ነው የቆሙት?» አሉኝ። ከዚህ በፊት መንገድ ላይ ለብልሽት የጠራናቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የት እንዳለንና ስንት እንደምንከፍል ነበር። እሳቸው ግን ከባሕር ዳር ከመነሣታቸው በፊት፣ ሁላችንም ከመኪናው ወርደን፣ ከመኪናውና ከተሳቢው ፊትም ኋላም ሳይሆን ከአስፋልቱ ተዳፋት በታች ማሳው ጠርዝ ላይ እንድንቆም፣ አራቱም ፍሬቻ እንዲበራና አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ከተሳቢው ጀርባ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ እንዲተከል አደረጉ። «መቶ እርምጃ አልበዛም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በእያንዳንዱ ሴኮንድ 22 ሜትር እንደሚጨርስ፣ ሹፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ብቻ ብዙ መንገድ እንደሚሄድ፣ የተጫነ መኪና ደግሞ ፍሬን ከያዘም በኋላ ቶሎ እንደማይቆም አስረዱኝ። ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገድ ላይ መጣሉን አልተቃወሙም፤ ሆኖም ሲጨልም ቅርንጫፍ የሚታየው ከደረሱበት በኋላ ስለሆነ በእሱ ብቻ እንዳንተማመን አስጠነቀቁን።

ሌላው ያዘዙን ነገር ተሳቢውን ከመኪናው እንዳንፈታ ነው። «እስክመጣ ድረስ ጋንቾውን አትንኪው፣ ጤነኛው ጎማ ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጊ፣ በጋለው ሞዞ ላይ ደግሞ ውሃ እንዳታፈሺበት» አሉኝ። (ጋንቾ ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት መያዣ፣ ታኮ ጎማው እንዳይንከባለል ሥሩ የሚደረግ ማገጃ፣ ሞዞ ደግሞ ጎማው የሚታሰርበት የሚሽከረከር ብረት ነው።) ምክንያቱን በኋላ ሲያብራሩልን፣ ኋላው የከበደ የጀልባ ተሳቢ ከመኪናው ሲላቀቅ አንገቱ፣ ማለትም ከፊት ወጥቶ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ብረት፣ ወደ ላይ ሊወረወርና አጠገቡ የቆመውን ሰው ሊመታ ይችላል፤ በጣም የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስም ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በመጨረሻ የኩሽኔታውን፣ ማለትም በሞዞው ውስጥ ሆኖ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ዕቃ፣ ቁጥር ጠየቁኝና ካለፈው ጥገና ደረሰኝ ላይ አነበብኩላቸው።

ሲደርሱ የራሳቸውን ፒካፕ ከተሳቢያችን ጀርባ ራቅ አድርገው አቆሙ፤ የፊት ጎማዎቹንም ወደ ማሳው በኩል አዞሯቸው፤ ይኸውም ከኋላ የመጣ መኪና ቢገጨው ፒካፑ እኛ ላይ እንዳይመጣ ነው። አብሯቸው የመጣው ወጣት ረዳት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ከሦስት ማዕዘኑም አልፎ ቆመና በባትሪ መብራት ለሚመጣው ሁሉ ምልክት ያሳይ ጀመር። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም፤ መሣሪያ እንኳ የሚያቀብለው ወንድሜ ነበር። ለእሱም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ጎማው የሄዱት። የጎማውን ማሰሪያ ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እንዳለ አላሏቸው፤ ክሪኩንም መሬቱ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አድርገው፣ በተሳቢው ክፈፍ ሳይሆን ጎማዎቹ በተገጠሙበት ዘንግ፣ በአክሱ በኩል፣ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) አጠገብ አነሡት። ሞዞው ሲከፈት የውጪው ኩሽኔታ ተሰባብሮ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። በውስጠኛው በኩል የቀረው ግራሶ ግን ወተት መስሎ ነጥቶ ነበር፤ ግራሶ እንዲህ የሚነጣው ውሃ ሲገባበት ነው። ባለፈው ጊዜ በሌላ ጋራዥ ኩሽኔታው ሲለወጥ ያረጀው ኦይል ሲል (ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውሃም እንዳይገባ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት) ሳይቀየር ተመልሶ ተገጥሞ ስለ ነበር፣ ጀልባዋን ውሃ ላይ ባወረድን ቁጥር የጣና ውሃ በዚያ በኩል ሲገባ ከርሟል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ያን ጋራዥ በአንዲት ቃል እንኳ አላሙትም። የአክሱን ጫፍ በጨርቅ ወለወሉና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርገው አስኬዱበት። ጥፍሩ የሚይዘው ጭረት ካለ አዲስ ኩሽኔታ አይገጠምበትም፣ ተሳቢው ተጭኖ ይሄዳል፤ ካልያዘው ግን እስከ ከተማ ያደርሳል አሉን። አልያዘውም።

አገጣጠሙን የገለጽኩት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሚመስለኝ ነው። የሞዞውን ዳዶ ጎማውን በእጃቸው እያሽከረከሩ አጠበቁት፣ ከዚያ ጥቂት መልሰው አላሉት፤ ኩሽኔታ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ራሱን ያቃጥላልና። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ኮፒሊያ የተባለ የብረት ሽቦም አሮጌውን አቅንተው አልመለሱትም፣ አዲስ አገቡበት። የጎማውን ዳዶዎች ተራ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ እያፈራረቁ አጠበቁ። ልንነሣ ስንል ደግሞ ለታኮ የተጠቀምንባቸውን ድንጋዮችና መንገድ ላይ የጣልናቸውን ቅርንጫፎች አንድ ሳይቀር አስለቀሙን። እኛ አገር መኪናው ተሠርቶ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ እዚያው አስፋልት ላይ ስለሚቀር፣ የአንዱ ብልሽት ማታ ለሚመጣው ባለ ሞተር ሳይክል ሌላ አደጋ ይሆናል፤ ይህን ነገር አንድ መካኒክ እንደ ሥራው ክፍል ቆጥሮ ሲያደርገው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ባሕር ዳር በዝግታ ስንጓዝም ከኋላ ተከተሉን፤ ሐሙሲት ላይ አስቁመው የእጃቸውን ጀርባ ሞዞው አጠገብ አድርገው ሙቀቱን ለኩ፣ ዳዶዎቹንም ደግመው አጠበቁ። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ በኩል ጋራዣቸው ድረስ ገባን።

ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ወንድሜን «ስትነዳ ኋላው ይወዛወዝብሃል?» ብለው ጠየቁት። ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲሆን ጭራው እንደሚወላወል ነገራቸው። ይህን ጊዜ የእህል መመዘኛ ሚዛን አስመጥተው የተሳቢውን አንገት አሳረፉበት። ጀልባው፣ ሞተሩና ተሳቢው በጠቅላላው ወደ 800 ኪሎ የሚሆን ሲሆን፣ አንገቱ ላይ የተገኘው ግን 35 ኪሎ ብቻ ነበር። እንደ ጋሼ አገላለጽ ከመኪናው ኋላ ባለው መጎተቻ ኳስ ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ያወዛውዘዋል፣ ከበዛ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ይነሣና መሪው ይቀላል። ለእኛ ችግሩ ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ብቻ ሳይሆን የነዳጁ በርሜልም ከጀልባዋ ጭራ መቀመጡ ነበር። የጀልባዋን አፍንጫ የሚደግፈውን ምሰሶ በአንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት አዛውረው ጀልባዋን ወደ ፊት ሳቧት፣ ነዳጁንና መልሕቁን ከአክሱ ፊት አስቀመጡ፣ እንደገናም መዘኑት፤ ወደ 95 ኪሎ ሆነ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በተሳቢው ላይ ሌላ ነገር ሳይለወጥ ውዝዋዜው ጠፍቷል ይላል።

የደኅንነት ሰንሰለቶቹንም ከአንገቱ ሥር በመስቀለኛ አሠሯቸው፤ ጋንቾው ቢከፈት አንገቱ አስፋልት ላይ ከመውደቅ ይልቅ በሰንሰለቶቹ መገናኛ ላይ እንዲያርፍ ነው። ከትርፍ ጎማው ጎን ላይ ደግሞ አራት አኃዝ አስነበቡን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያመለክታሉ። ጥርሱ ያልተነካ አዲስ መሳይ ጎማ ቢሆንም ዕድሜው ስላለፈ አልፈቀዱልንም። የተሳቢ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ሳይሆን በፀሐይና በመቆም እንደሚያልቅ እዚያ ነው የተረዳነው።

ለወንድሜ የሰጡት ትምህርት ብቻውን ለክፍያው ይበቃ ነበር። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን በድንገት እንዳይረግጥ፣ ለመቅደምም እንዳይፈጥን፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግሩን ከነዳጁ ቀስ ብሎ እንዲያነሣ ነገሩት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው ያለ ረጅም ቁልቁለት ሲያጋጥም፣ ዝቅተኛውን ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ፍሬኑ ከጋለ በኋላ እንዳይፈልገው አጥብቀው መከሩት። ወደ ኋላ ሲሄድም መሪውን ከታች በኩል ይዞ፣ ተሳቢው እንዲሄድለት ወደሚፈልገው አቅጣጫ እጁን እንዲያንቀሳቅስ በጋራዡ ግቢ ውስጥ እስኪለምደው አለማመዱት። ለጀልባ ባለቤቶች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ረጅም መንገድ የመጣ ተሳቢ ሐይቁ ዳር እንደ ደረሰ ወዲያው ውሃ ውስጥ አይገባም። የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በሲሉ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ የመብራቱንም ሶኬት መንቀል ያስፈልጋል፤ የበራ አምፖል ውሃ ሲነካው ይፈነዳልና።

ስለ ክፍያው፦ ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ነገሩን፣ ሲጨርሱም አልጨመሩም። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በፌስታል አድርገው አስረከቡን። ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሡም፣ ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ ከሁለት ተሳቢ በላይ አይዝም፣ የሚቸኩል ደንበኛም አይወዱም። አንድ ሰው የተሰነጠቀ የተሳቢ አንገት ይዞ መጥቶ «ለዛሬ ብቻ በይድልኝ» ቢላቸው ፊት ለፊቴ መልሰውታል። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን ጀልባዬን የማምነው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ ካነበበልዎ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እሳቸውን የምትፈልጉ ደግሞ፣ ከዓባይ ማዶ በዘንዘልማ መስመር ካሉት ጎሚስታዎች አንዱን «ተሳቢ የሚሠሩት ጋሼ የት ናቸው?» ብትሉ ያደርሷችኋል። እሑድ አይሠሩም። ከመሄዳችሁ በፊት የኩሽኔታችሁን ቁጥር ከደረሰኝ ወይም ከዕቃው ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ተሳቢውንም ባዶውን ሳይሆን እንደምትጓዙበት ከነጭነቱ ውሰዱት፣ ያለበለዚያ ሚዛኑን ሊያዩላችሁ አይችሉም።